ክዋንት ሪቪው፦ ስድስት አቶም ባላት ቀለበት ውስጥ ከረንት ወደኋላ ሲሄድ ያሳየኝ ሶፍትዌር

ብዙ ሳላንዛዛ ልግባ። ክዋንት የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ላይብረሪ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ስራው ኤሌክትሮን በጣም ትንሽ ነገር ውስጥ ለማለፍ ሲሞክር ስንቱ እንደሚያልፍ ስንቱ ደሞ እንደሚመለስ ማስላት ነው። የሰሩት ዴልፍትና ግሬኖብል ያሉ የፊዚክስ ሰዎች ናቸው፣ ስለሱ ያወጡት ጽሁፍ የ2014 ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ለግራፊን፣ ለናኖ ሽቦ፣ ለሱፐርኮንዳክተር ምናምን ነው፣ እኔ ግን እነዚህን ወራት የያዝኩት ለአንዲት ጥያቄ ብቻ ነው፣ ቀለበት የሆነ ሞለኪውል ሁለት ሽቦ መሀል ሲገባ ከረንቱ በየት በየት በኩል ነው የሚሄደው? ስለዚህ ግራፊን ላይ እንዴት ነው ለምትሉ ይሄ ሪቪው ብዙም አይሆናችሁም።

ለምን እንደፈለኩት ላስረዳ። እኔ የመጣሁት ከተራው ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ከመልቲሜትርና ከሬዚስተር ዓለም። ሞለኪውላር ኤሌክትሮኒክስ የሚባለውን ያወኩት ከፍዬ በወሰድኩት የኦንላይን ኮርስ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ሌላው ክፍሉ ክፉ አልነበረም፣ ብቻ አስተማሪው ቀለበት ላይ ሲደርስ ሁለት መንገድ አለ ከረንቱ እንደ ፓራለል ሬዚስተር ይከፋፈላል ብሎ አንድ ስላይድ አሳይቶ ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ። እኔ ደሞ ደስ አለኝ፣ ፓራለል ሬዚስተር እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፣ አጭሩ መንገድ ብዙ ይወስዳል ረጅሙ ትንሽ ይወስዳል አለቀ ደቀቀ። ለካ ለስድስት አቶም ቀለበት ይሄ ስህተት ብቻ ሳይሆን የተገላቢጦሽ ሁሉ ሊሆን ይችላል።

የምሞክርበት ሞለኪውል ቤንዜን ነው። ቤንዜን ነው ያልኩት፣ መኪና ውስጥ የሚቀዳው ቤንዚን አይደለም፣ በዚህ ስም መመሳሰል ስንት ጊዜ ሰው ግር እንዳለው። ፋራዳይ በ1825 ለይቶ ያወጣው፣ ኬኩሌ በ1865 ቀለበት ነው ያለው፣ ስድስት ካርቦን ክብ ሰርተው ጎን ለጎን የቆሙበት፣ በሁለት ጎረቤት ካርቦን መሀል ያለው ርቀት 0.14 ናኖሜትር። አንድ ሞለኪውል ብቻውን እንደ ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዕቃ) ሊሰራ ይችላል የሚለውን ሀሳብ አቪራምና ራትነር በ1974 በወረቀት ላይ አመጡት፣ ከዛ ቤንዜንን በሁለት ጫፉ ሰልፈር አርገው ከወርቅ ጋር አያይዘው ከረንት አሳልፈንበታል ብለው ሪድና ባልደረቦቹ በ1997 አወጡ፣ በ2003 ደሞ ሹና ታኦ የወርቅ ጫፍን ከወርቅ ሰሌዳ ጋር እያነካኩ እየሳቡ፣ እየነካኩ እየሳቡ፣ ይሄን በብዙ መቶና ሺ ጊዜ እየደጋገሙ ሞለኪውል መሀል ሲገባ መለካት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ዛሬ የምናያቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ከዚህ ዓይነት መነካካት የሚወጡ ናቸው። አንድ ልኬት ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ሺዎቹን ደርድረህ የት ጋ እንደሚከማቹ ነው የምታየው።

ወደ ሶፍትዌሩ ልመለስ። ኢንስቶል ማድረጉ በኮንዳ (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛ) ነው፣ አንድ ትዕዛዝ፣ ችግር አልገጠመኝም፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። መስኮት ከፍቶ ቁልፍ ተጭኖ ሞለኪውል በማውዝ መሳል ለምትፈልጉ ግን ቁርጡን ልንገራችሁ፣ እንደዛ የሚባል ነገር የለም፣ ኮድ ነው የምትጽፉት። ለያንዳንዱ አቶም ነጥብ ትሰጣላችሁ፣ ነጥቡ ላይ ያለውን ኢነርጂ ትሰጣላችሁ፣ ከየትኛው ነጥብ ወደ የትኛው ኤሌክትሮን መዝለል እንደሚችል ትነግሩታላችሁ፣ ይሄንን መዝለል ሆፒንግ ነው የሚሉት። ቤንዜን ማለት ለክዋንት ስድስት ነጥብና ስድስት ሆፒንግ ነው፣ በቃ። ካርቦን ይሁን ሌላ እሱ ምኑም አይደለም። እኔ ሁሉንም ሆፒንግ 1 አደረኩት፣ በእውነተኛው ካርቦን ላይ ይሄ 1 ሁለት ተኩልም ሶስትም ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው።

ከዛ ሽቦው። ሽቦውን ሊድ ነው የሚሉት፣ ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት አድርጋችሁ ትሰሩና ከሲስተሙ ጋር ትለጥፉታላችሁ። እዚህ ጋ የራሴ ቂልነት ሁለት ቀን በላብኝ። ሊዱን ስትለጥፉ የሚጠቀመው የሊዱን የራሱን ሆፒንግ ነው፣ እኔ ደሞ በወርቁና በሞለኪውሉ መሀል ያለው ማያያዣ ደከም ያለ እንዲሆን ነበር የፈለኩት፣ ቁጥሩን የቱ ጋ እንደማስገባ ጠፍቶኝ ስባዝን ከረምኩ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከሰንሰለቱ አንድ ሁለት ነጥብ ወስዳችሁ ከሞለኪውሉ ጋር እዛው ሲስተሙ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ በሱና በቀለበቱ መሀል የምትፈልጉትን ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ ሊዱን የምትለጥፉት ከዛ በኋላ ነው። ቱቶሪያሉን በትዕግስት ያነበበ ሰው ይሄ አይገጥመውም፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ኮፒ ፔስት ነበርኩ።

እሺ፣ መጀመሪያ ፓራ። ፓራ ማለት ሁለቱ ሽቦዎች ፊት ለፊት የተያያዙበት ነው፣ በሁለቱም ጎን ሶስት ሶስት ቦንድ አለ። ማያያዣውን 0.5 አድርጌ የኤሌክትሮኑን ኢነርጂ መሀል ላይ፣ ማለት ዜሮ ላይ፣ አስቀመጥኩና ትራንስሚሽን ጠየኩት (የመኪናው ካምቢዮ አይደለም፣ ኤሌክትሮኑ የማለፍ ዕድሉ ነው)፣ 0.0606 አለኝ። ይሄንን ወደምናውቀው ቋንቋ ለመቀየር በ77.5 ማይክሮሲመንስ ማባዛት ነው፣ የኮንዳክታንስ (የሬዚስታንስ ግልባጭ፣ ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው) ኳንተም የሚሉት ነገር ነው፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አንድ መንገድ የሚሰጠው ይሄን ያህል ነው፣ ወይም በሬዚስታንስ 12.9 ኪሎኦም። የኔ ቤንዜን እንግዲህ 4.7 ማይክሮሲመንስ ገደማ ሆነች።

ደስ ብሎኝ ከሙከራ ጋር ላስተያየው አልኩ። ሁለት ጫፉ ላይ አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ማያያዣ) ያለው ቤንዜን ፓራ ሆኖ ከወርቅ ጋር ሲለካ 0.0064 ኮንዳክታንስ ኳንተም ነው የሚወጣው፣ ይሄ ደጋግሞ የታየ ቁጥር ነው። የኔ አስር እጥፍ በለጠ ማለት ነው። እና ምን አደረኩ፣ ማያያዣውን ከ0.5 ወደ 0.283 ዝቅ አደረኩትና ልክ 0.0064 ላይ ቁጭ አለልኝ። ለአንድ ቀን ያህል ራሴን ሳይንቲስት አድርጌ ነበር። ከዛ አሰብኩት፣ በጄ ያስገባሁትን ቁጥር እየጠመዘዝኩ የፈለኩትን መልስ ካወጣሁ ሶፍትዌሩ ምን ነገረኝ? ምንም። የወርቁ ኢነርጂ ከሞለኪውሉ ኢነርጂ አንጻር የቱ ጋ እንደሚቆም፣ ማያያዣው ስንት እንደሆነ፣ እነዚህን ክዋንት አያውቅም፣ ከእናንተ ነው የሚጠብቀው። ፍጹማዊ ቁጥር ለማግኘት ክዋንትን የሚያወርድ ሰው ተሸወደ። ለሱ ወርቁንም ሞለኪውሉንም ከኤሌክትሮን ጀምሮ የሚያሰሉ እንደ ትራንስሲየስታ ያሉ ከባድ ሶፍትዌሮች አሉ፣ እነሱ ደሞ ሌላ ጣጣ ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ የኢነርጂ አቀማመጡን ሁሌ በትክክል አያገኙትም።

ግን አሁን የምነግራችሁ ነገር ላይ ማያያዣው ስንት ይሁን ስንት ለውጥ የለውም፣ ለዚህ ነው ይሄን ሪቪው መጻፍ ያስፈለገኝ።

ሜታ። ሜታ ማለት ሁለተኛውን ሽቦ አንድ አቶም ቀረብ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ነው፣ በአንድ በኩል ሁለት ቦንድ፣ በሌላ በኩል አራት ቦንድ። የሬዚስተር ሰው ከሆናችሁ መልሱን በቃላችሁ ትሉታላችሁ፣ አጭሩ ሁለት ሶስተኛውን ይወስዳል ረጅሙ አንድ ሶስተኛውን፣ ጠቅላላው ደሞ ከፓራው ይሻላል። ክዋንት ኢነርጂ ዜሮ ላይ ያወጣልኝ ከዜሮ የማይለይ ቁጥር ነው። መንገዱ እያለ፣ ሁለትም መንገድ እያለ፣ ምንም አያልፍም። ትንሽ ወጣ ብዬ 0.05 ላይ ሞከርኩ፣ 0.00004 ገደማ፣ ፓራው እዛው አካባቢ 0.06 እያለ።

ይሄኛውን እንኳን ሰምቼ ነበር፣ ኢንተርፌረንስ ነው፣ ኤሌክትሮን ሞገድ ስለሆነ በሁለቱ መንገዶች የሚመጡት እየተገናኙ ይጠፋፋሉ። እዚህ መሀል ላይ ያለው ኢነርጂ ላይ እያንዳንዱ ቦንድ ሞገዱን ሩብ ዙር ያዞረዋል ብላችሁ አስቡት፣ ሜታ ላይ የሁለት ቦንድ ልዩነት አለ፣ ሁለት ሩብ ግማሽ ዙር ነው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ፓራ ላይ ልዩነት የለም፣ ይደጋገፋሉ። ኦርቶ ላይ፣ ማለት ጎን ለጎን ሲያያዝ፣ አንድና አምስት ቦንድ ነው፣ አራት ሩብ ሙሉ ዙር፣ ይደጋገፋሉ። እውነትም ኦርቶን ስሞክረው ልክ እንደ ፓራው 0.0606 ነው ያወጣው፣ እስከ መጨረሻው አሃዝ። በላብራቶሪም ሜታ ሆነው የተያያዙ ሞለኪውሎች ከፓራዎቹ አስር እጥፍና ከዛ በላይ ያነሰ ኮንዳክታንስ እንዳላቸው ተለክቷል፣ ፍጹም ዜሮ የማይሆነው በእውነተኛው ሞለኪውል ውስጥ ከነዚህ ስድስት ነጥቦች ሌላም መተላለፊያ ስላለ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክዋንት አያስፈልግም ነበር፣ ስድስት በስድስት ማትሪክስ ገልብጦ ማየት ይቻላል፣ በእጅም ይሰራል። ክዋንት ዋጋውን ያሳየኝ ትራንስሚሽኑን ትቼ በየቦንዱ ስንት ያልፋል ብዬ ስጠይቀው ነው። ከረንት የሚባል ኦፕሬተር አለው፣ ከአንዱ ሊድ የሚመጣውን ሞገድ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ደሞ በእያንዳንዱ ሆፒንግ የሚያልፈውን ይዘረዝርላችኋል። እዚህ ጋ አንድ ማሳሰቢያ፣ እያንዳንዱን ቦንድ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጣችሁ፣ በሄደውም በመጣውም አቅጣጫ፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጌቲቭ፣ እኔ ዝም ብዬ ደምሬው ሁሉም ዜሮ ሲሆንብኝ ላፕቶፑን ልወረውረው ነበር።

ኦርቶውን መጀመሪያ አየሁት። አንድ ቦንድ በአንድ በኩል አምስት ቦንድ በሌላ በኩል፣ ሬዚስተር ቢሆን አምስት ለአንድ። ክዋንት ኢነርጂ ዜሮ ላይ ግማሽ ግማሽ አለኝ! ጎረቤቱ አጠገቡ ቆሞ እያለ ከረንቱ ግማሹ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ይመጣል። ሳቅሁ። እሺ ብዬ ሜታውን ከፈትኩ፣ ኢነርጂ 0.01 ላይ፣ የሚያልፈውን ጠቅላላ ከረንት አንድ ብለን ብንጠራው፣ አጭሩ ክንድ 2፣ ረጅሙ ክንድ −1።

ኔጌቲቭ አንድ። መጀመሪያ ያሰብኩት ባግ ነው ብዬ ነው፣ የኔ ባግ። ምክንያቱም ይሄ ማለት በአጭሩ ክንድ ከሚገባው እጥፍ ይሄዳል፣ መውጫው ላይ ሲደርስ ግማሹ ይወጣል፣ የቀረው ግማሽ በረጅሙ ክንድ ዞሮ ወደ መግቢያው ይመለሳል ማለት ነው። ከባትሪው በተቃራኒ! ሁለት ሌሊት ፈተሽኩት። በእያንዳንዱ አቶም ላይ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ነው ወይ ብዬ አንድ በአንድ ደመርኩ፣ እኩል ነው፣ የኪርቾፍ ሕግ አልተነካም፣ ሁለት ሲቀነስ አንድ አንድ ነው። ማያያዣውን ከ0.5 ወደ 0.283 አወረድኩት፣ ወደ 0.9 አወጣሁት፣ ጠቅላላው ከረንት ይወጣል ይወርዳል፣ ሁለትና ኔጌቲቭ አንድ ግን ንቅንቅ የለም።

ከዛ ነው ወረቀት የያዝኩት። በአጭሩ ክንድ መሀል ያለው አንድ አቶም ነው፣ እሱ ላይ ያለው ሞገድ የሁለቱ ጎረቤቶቹ ድምር ለኢነርጂው ሲካፈል ነው። በረጅሙ ክንድ መሀል ሶስት አቶሞች ናቸው፣ እነሱንም እንደዛው እያጠፋፋችሁ ስትሄዱ የረጅሙ ለአጭሩ ሬሾ አንድ ለ (ኢነርጂ ስኩዌር ሲቀነስ ሁለት) ሆኖ ይወጣል። ኢነርጂው ዜሮ አካባቢ ከሆነ ኔጌቲቭ ግማሽ። ማያያዣው ፎርሙላው ውስጥ የለም፣ ለዚህ ነው ያልተንቀሳቀሰው። አምስት መስመር የማይሞላ ስሌት ነው፣ ክዋንት ባያሳየኝ ግን መቼም አልሰራውም ነበር፣ ምክንያቱም የሚጠፋፉ ሞገዶች የሚለው ታሪክ ራሱ ምንም አይመጣም ብሎ ያስቆምሃል፣ ውስጥ ምን እየዞረ እንዳለ እንድትጠይቅ አያደርግህም። ትራንስሚሽን ብቻ የሚያወጣ ሶፍትዌር ወይም ብቻውን የሚነገር ኮንዳክታንስ አሁን አይበቃኝም፣ መግቢያና መውጫውን ቆጥሮ ቤት ውስጥ ያለውን ረብሻ እንደማያውቅ ዘበኛ ነው።

ኢነርጂውን ከፍ እያደረኩ ሄድኩ። 0.5 ላይ አጭሩ 2.33፣ ረጅሙ −1.33። 0.9 ላይ አጭሩ 6.26፣ ረጅሙ −5.26። ማለት ከሚያልፈው ከረንት አምስት እጥፍ በላይ ዝም ብሎ ቀለበቷን ይዞራል። 1.1 ላይ ስሄድ ደሞ ሁሉም ተገለበጠ፣ አጭሩ −3.76፣ ረጅሙ 4.76፣ ዙሩ አቅጣጫውን ቀየረ። መሀል ላይ ያለችው 1 የቤንዜን ሁለት እኩል ኢነርጂ ያላቸው ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮን ማረፊያዎች) የሚቀመጡባት ቦታ ናት፣ ልክ እሷ ላይ ጠቅላላውም ዙሩም ይጠፋል፣ ትንሽ ፈንጠር ስትሉ ግን ጠቅላላው ከዙሩ በፊት ስለሚያንስ ሬሾው ይፈነዳል። ቮልቴጅ ሲሰጥ ከረንቱ የሚመጣው ከአንድ ኢነርጂ ብቻ አይደለም፣ ከዚህም ከዛም ወገን ይደመራል፣ ስለዚህ በተቃራኒ የሚዞሩት በከፊል ይጠፋፋሉ፣ ይሄን ሳያስቡ አምስት እጥፍ አገኘሁ ብሎ መጮህ አይገባም፣ እኔ ግን ለጓደኛዬ ደውዬ ጮሄያለሁ።

የሚዞር ከረንት ማለት ደሞ ትንሽ ማግኔት ማለት ነው። በ0.14 ናኖሜትር ሬዲየስ 1 ማይክሮአምፔር ቢዞር መሀሏ ላይ 4.5 ሚሊቴስላ ይፈጥራል፣ የመሬት ማግኔት 0.05 ሚሊቴስላ አካባቢ ነው፣ ዘጠና እጥፍ፣ አንዲት ሞለኪውል ውስጥ። በተቃራኒው ከውጭ ማግኔት አምጥቼ ዙሩን ልቆጣጠር ካላችሁ ግን እርሱት፣ ቀለበቷ በጣም ትንሽ ስለሆነች አንድ የፍለክስ ኳንተም (በቀለበት ውስጥ የሚያልፍ ማግኔት መለኪያ) በውስጧ ለማሳለፍ ሰማንያ ሺ ቴስላ ያስፈልጋል፣ ሳይፈነዱ የሚሰሩት የላብራቶሪ ማግኔቶች መቶ ቴስላ አካባቢ ላይ ነው የሚቆሙት። ክዋንት ላይ ግን ማግኔት መጨመር አንድ ሆፒንግ ላይ ፌዝ (ሞገዱን የሚያዞር ቁጥር) ማባዛት ነው፣ ሰማንያ ሺ ቴስላ በአንድ መስመር ኮድ፣ ይሄ ደስ ይላል። ትንሽ ፌዝ ጨምሬ የሜታው ዜሮ ይነሳል ብዬ ጠበኩ፣ አልተነሳም። ምክንያቱም ስድስቱን አቶሞች ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ ብትቀቧቸው ሜታ ሁለት ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ነው የሚያገናኘው፣ ኢነርጂ ዜሮ ላይ ከአንድ ቀለም ወደዛው ቀለም መተላለፍ የለም፣ ማግኔቱ ደሞ ቀለሙን አያጠፋውም።

ቀለሙን የሚያጠፋው ምንድነው? አንዱን ካርቦን በናይትሮጅን መቀየር። እዚህ ላይ ክዋንት እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ የአንዱን ነጥብ ኢነርጂ ከዜሮ ወደ 0.5 መቀየር ነው፣ ለፒሪዲን (አንድ ካርቦኑ በናይትሮጅን የተተካ ቤንዜን) በድሮው የሁከል ስሌት፣ ሞለኪውልን እንደዚሁ በነጥብና በሆፒንግ በሚያሰላው፣ የሚሰጠው ቁጥር ራሱ 0.5 ነው። ናይትሮጅኑን በሁለቱ ሽቦዎች መሀል ሳደርገው የጠፋው ትራንስሚሽን ወደ 0.0039 ተነሳ። ከዛ ናይትሮጅኑን ሽቦዎቹ የተያያዙበት ቀለም ላይ ወዳለው ሶስተኛው አቶም አዛወርኩት፣ ዜሮው ተመልሶ መጣ። አንድ አቶም፣ ቦታውን ብቻ ቀይሮ። የሰው ልጅ ይሄን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ለመጠቀም ለምን እንደሚጓጓ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

አሁን ስለ ሥዕሉ ላማርር፣ ማማረር ከሆነ። ክዋንት ከረንቱን የሚስልበት የራሱ ፋንክሽን አለው፣ በየቦንዱ ያለውን ቁጥር ወስዶ እንደ ወንዝ አለስልሶ በሚፈሱ መስመሮች ያሳያል። ለብዙ ሺ አቶም ሲስተም በጣም ያምራል። ለስድስት አቶም ግን ማለስለሱ ራሱ መረጃውን ይበላዋል፣ አጭሩ ክንድ ላይ ያለው ወፍራም መስመር ከጎኑ ያለውን ቀጭን የሚመለሰውን ሊውጠው ይደርሳል፣ ስፋቱን መቀነስ ይቻላል ግን ያኔም ቢሆን ኤሌክትሮን በባዶ ቦታ የሚፈስ ነው የሚመስለው። እኔ ትቼው ቁጥሮቹን በቀጥታ አውጥቼ በራሴ ቀስት ሳልኩ፣ ቀዩ ወደፊት ሰማያዊው ወደኋላ፣ ሃያ መስመር ኮድ አይሞላም። በነገራችን ላይ ኢነርጂው የሰንሰለቱ ባንድ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ፣ የኔ ሰንሰለት ሆፒንጉ 1 ስለሆነ ከ −2 እስከ 2 ብቻ ነው የሚሰራው፣ ከዛ ውጭ ሊዱ ውስጥ የሚሄድ ሞገድ ስለሌለ ምንም አያወጣም፣ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትወርዱበት።

ለማን ነው የሚሆነው? አንዲት ቤንዜን ብቻ ለማየት ከሆነ እውነቱን ለመናገር በሬን ለማረድ መትረየስ ነው፣ ተራ ማትሪክስ የሚገለብጥ ማንኛውም ነገር ይበቃል። ግን ሰው ቤንዜን ላይ አይቆምም፣ እኔም አልቆምኩም፣ ናፍታሊን ላይ ሁለት ቀለበት ተጣብቀው አንዱ በአንድ አቅጣጫ ሌላው በሌላ ሲዞሩ ማየት ጀምሬያለሁ፣ እዛ ላይ በእጅ ማስላት ያታክታል፣ ክዋንት ላይ ግን አራት ነጥብ መጨመር ነው። ቀለበት ብቻ ሳይሆን በትይዩ የተዘረጉ ሁለት መንገዶች ያላቸውን ሞለኪውሎችም ሞክሬበታለሁ፣ በ2012 በሙከራ እንደታየው ሁለት እኩል መንገድ ከአንዱ ሁለት እጥፍ በላይ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ሞገድ ሲደመር ከዛ በኋላ ነው ስኩዌር የሚደረገው። ኬሚስት ከሆናችሁ ግን ሞለኪውሉ ነጥብና መስመር ብቻ መሆኑ ያናድዳችኋል፣ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ የሚመጣውን ነገር አያየውም፣ የሞለኪውሉ መጠማዘዝም ከእናንተ ካልገባ አይገባም። ሁለት ቤንዜን በአንድ ቦንድ ተያይዘው አንዱ ሲጠመዘዝ ኮንዳክታንሱ በኮሳይን ስኩዌር እንደሚወርድ በ2006 ተለክቷል፣ ይሄን በክዋንት ለመስራት መሀል ያለችውን ሆፒንግ በራሳችሁ እጅ በኮሳይን ማባዛት ነው፣ ያው መልሱን አውቆ መጠየቅ ነው።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለሥዕሉ ነው። ሜታውን የምትሞክሩ ሰዎች ብቻ ኢነርጂውን ልክ ዜሮ ላይ አታድርጉት፣ ዜሮ ላይ ሽቦ የነካቸው አቶሞች ባዶ ስለሚሆኑ በየቦንዱ ያለውም ከረንት ዜሮ ነው፣ ዜሮን ለዜሮ ስታካፍሉ ታድራላችሁ፣ 0.01 በሉት።